ከቦረና ደጋ ላይ፦ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ሩቅ ባሕር ዓሣ

ደሴን ለቆ ወደ ወሎው ቦረና የሚሄድ መንገደኛን ቀድሞ የሚቀበለው ብርድ ነው። መኪናው ጉጉፍቱ ላይ ሲወጣ መስኮት የከፈተ ይዘጋል፤ ጋቢ ያለው ይከናነባል፤ የሌለው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ይላል። ከዚያ በኋላ አገሩ ይገለጣል። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ገብሱ ቢጫ መልበስ ጀምሯል፤ ባና የደረበ እረኛ በጎቹን በማሳው ዳር ይነዳል። ከአቀስታ ወዲያ ደግሞ ዓይኔ ከአንድ ተራራ ላይ አልነቀል አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ይህን አይተው ኖሮ «አምባ ፈሪት ነው ልጄ» አሉኝ። «እኛ የዝናቡን ነገር የምናውቀው እሱን አይተን ነው።» ከ4200 ሜትር በላይ የሚቆመው ይህ ተራራ በካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ጣቴን ያሳረፍኩበት ነበር። እንዲህ ያለ ግርማ እንዳለው ግን የነገረኝ አልነበረም።

ወደዚህ ያመጣኝ ጉዳይ ከተራራም ከብርድም የራቀ ነው። የባሕር ዓሣ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች መግቢያ በመስታወት ገንዳ፣ በአኳሪየም፣ ውስጥ የሚዋኙትን ባለቀለም ዓሦች ብዙዎቻችን አይተናል። በጨው አልባ ውሃ የሚኖሩት አብዛኞቹ በሰው እጅ የረቡ ናቸው። የባሕሮቹ ግን ሌላ ታሪክ አላቸው፤ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስና ከሌሎች ሞቃት ባሕሮች የኮራል ዳርቻ እየተጠመዱ ይመጣሉ። በአንዳንድ ቦታ አጥማጁ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በውሃ በጥብጦ በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ይረጫል። ዓሣው ደንዝዞ ይወጣና ይያዛል፤ በመርዙ የተነካው ኮራል ግን ይሞታል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ጥቃቅን እንስሳት ለብዙ ዘመን እየተደራረቡ የገነቡት የዓሦች አገር ነው። ለአንድ ሳሎን ጌጥ ሲባል አገር ይፈርሳል ማለት ነው።

ይህን ለማስቀረት አንዳንድ ሰዎች የያዙት መንገድ ልቤን ከማረከው ዓመታት አልፈዋል። ገበያው የሚፈልገውን ዓሣ ከባሕር ከማምጣት ይልቅ በቤት ያረባሉ። በአንዳንዱ ዓሣ ላይ ሥራው ቶሎ ተሳካ። ክላውንፊሽ፣ ብርቱካናማና ነጭ ሆኖ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የኔሞ ፊልም ልጆች ሁሉ ያወቁት ዓሣ፣ እንቁላሉን ድንጋይ ላይ ይጥላል፤ አባትየው በክንፉ እያራገበ ይጠብቃል፤ የሚፈለፈለውም ጠንከር ያለ ነው። የባንጋይ ካርዲናል የተባለው ደግሞ ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ የሚያሳድግ ዓሣ ነው። የተፈጥሮ አገሩ በኢንዶኔዥያ ያሉት የባንጋይ ደሴቶች ዙሪያ ብቻ ስለሆነ፣ በዓመት በመቶ ሺዎች ሲጠመድ ቆይቶ በ2007 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ገባ። እሱም ዛሬ በገንዳ ይረባል።

ያስቸገረው የሃዋይ ቢጫ ታንግ ነበር። ይህ ዓሣ እንቁላሉን ክፍት ባሕር ላይ በትኖ ይሄዳል። የሚፈለፈለው ከማነሱ የተነሳ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን ካልሆነ ሌላ መብላት አይችልም፤ እየተንሳፈፈ የሚያድግበት ጊዜም ረጅም ነው። የሃዋይ ኦሽያኒክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ዓመታት ደክመው በ2015 እ.ኤ.አ. ተሳካላቸው። ዓሣውን ለማሳደግ መጀመሪያ የዓሣውን ምግብ ማሳደግ ነበረባቸው። ይህ ነገር ከሁሉ በላይ በአእምሮዬ ቀርቶ ነበር፤ ጥቅሙን ያየሁት ግን ቦረና ከደረስኩ በኋላ ነው።

እኛ ባሕር የለንም። ጥያቄው ግን ባሕር አይፈልግም። የዱሩን ለማዳን በቤት ማርባት ይበጃል? በየትኛው ፍጡር ላይ ይሠራል፣ በየትኛውስ አይሠራም? ይህን ይዤ ስነሳ ቦረናን ያስመረጠኝ አንድ እንስሳ ነው፤ ቀይ ቀበሮ።

መካነ ሰላም ከአባይ ሸለቆ በላይ የተቀመጠች የቦረና መዲና ናት። መንገዱ ከዚህ ተነስቶ ወደ ሸለቆው ይወርድና አባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ጉንደወይን ይወጣል። ስለዚህ በገበያዋ ደጋውና ቆላው ይገናኛሉ፤ ገብስና ባቄላ ከላይ ይወርዳል፣ ማሽላና ማር ከታች ይወጣል። የገበያዋን ሰው ወደድኩት። መንገድ የጠየቅኩት ሁሉ ከመመለሱ በፊት ከየት እንደመጣሁ፣ እናቴ በሕይወት እንዳሉ፣ ምሳ እንደበላሁ ጠየቀኝ።

ቀበሮው የሚኖርበትን ፓርክ የአካባቢው ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። በ2001 ዓ.ም. ሲከለል 4375 ሄክታር ነበር፤ በኋላ የወረሂመኖን ደጋ ጨምሮ ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነና ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። አብሮኝ የወጣው ስካውት እዚያው አካባቢ የተወለደ ጎልማሳ ነው። አካሄዱ ፈጣን፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ከታች ጥዱና ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው ተቀበለን። የኮሶ ዛፍ ቅርፊቱ እየተላጠ በፀሐይ ሲያበራ ቆሜ ማየቴን ስካውቱ ታገሠኝ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ነጭ ጅራቱን ዘርግቶ ተወረወረ፤ ድኩላ ከቁጥቋጦ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። ቀጥሎ አስታው መጣ፣ ግንዱ ሽበት ያበቀለ ቁጥቋጦ። ከዚያም ዛፍ አለቀና የጓሳው ሣር ተዘረጋ። በጓሳው መካከል ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። በጠራው አየር ከአባይ ማዶ የጎጃም ደጋ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ጭላዳዎቹን ከማየታችን በፊት ሰማናቸው። ብዙ ናቸው፤ ገደሉን ወጥተው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ፤ ወንዶቹ ጎፈራቸውን ነፋስ ይገላልጠዋል፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ስካውቱ ክንዴን ያዘና «ዝም በል፤ ከቀኝ ተመልከት» አለኝ። ቀይ ቀበሮ ነበር። እግሩ ረጅም፣ ፊቱ ቀጭን፣ ቀለሙ የዛገ ብረት የመሰለ፣ ጉሮሮው ነጭ። በጭላዳዎቹ መካከል፣ የሚያውቀውን ገበያ እንደሚያቋርጥ ሰው፣ ሳይቸኩል ያልፋል። አንዷም አልሸሸችውም። ግልገል ያዘለች ጭላዳ ከአጠገቡ ሣር መንጨቷን ቀጠለች። እሱም ግልገሎቹን ዞር ብሎ አላየም፤ ቆሞ ጆሮውን ወደ መሬት አዘነበለ፣ ዘለለ፣ አይጥ ይዞ ቀና አለ።

ይህ እንግዳ ወዳጅነት በመንዝ ጓሳ ተጠንቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ምክንያቱ ምናልባት ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓድ ስለሚያስወጡ፣ ወይም በመንጋው መካከል ያለውን ቀበሮ አይጦቹ ልብ ስለማይሉት ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ስለ ምክንያቱ አላሰብኩም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ብርዱ ነው አልልም።

ስንወርድ ሳስበው የነበረው ስለ ሁለቱ እንስሳት ዕጣ ነው። ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ቢሆንም ዘመዶቹ በውጭ አገር አሉ። በስዊዘርላንድ ዙሪክ፣ በጀርመን ራይነ፣ በኒውዮርክ ብሮንክስ የአራዊት ማቆያዎች ውስጥ እዚያው የተወለዱ ጭላዳዎች ይኖራሉ፤ የአውሮፓዎቹ ማቆያዎች የቅርብ ዘመዶች እርስ በርስ እንዳይዋለዱ እየተመካከሩ ነው የሚያረቡት። ቀይ ቀበሮ ግን በዓለም ላይ አንድም የአራዊት ማቆያ ውስጥ የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎና በሰሜን ተራሮች ተበታትነዋል። የቦረናዎቹ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ከአባይ ማዶ ባለው በጮቄም ቀበሮ ነበር። ዛሬ የለም። ያ ሰማያዊ ሆኖ የታየኝ የጎጃም ደጋ ቀበሮውን አጥቷል።

ታዲያ ለምን አናረባውም? ስካውቱን ጠየቅኩት። መልሱ ጥያቄ ነበር፤ «አይጡንስ ማን ያረባለታል?» አለኝ። ስለ ቢጫው ታንግ አንድም ነገር አልነገርኩትም ነበር።

ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል፤ ኑሮው ግን በቤተሰብ ነው። በዋናዋ እናት የተወለዱትን ግልገሎች ቤተሰቡ ሁሉ ይመግባል፤ ንጋት ላይ አብረው ተሰልፈው የግዛታቸውን ድንበር ይዞራሉ። ግልገሉ በየትኛው ሰዓት የትኛው አይጥ እንደሚወጣ፣ ከጭላዳ ጋር እንዴት እንደሚዋል የሚማረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በመንገዳችን ዳር ቀይና ቢጫ ሆኖ የቆመ አሸንዳ አየን፤ አንድ እረኛ ልጅ አበባውን ነጭቶ ማሩን መጠጠና ለእኔም ሰጠኝ፤ ጣፋጭ ነው። ቀበሮውም እንደዚሁ ያደርጋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የባሌ ጥናት ቀበሮዎች ከአበባ አበባ እየሄዱ የአሸንዳን ማር ሲልሱ፣ አንዳንዱም በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ሲጎበኝ መዝግቧል፤ አፍንጫቸው በወንዴ ዘር ብናኝ ይሸፈናል፤ ምናልባትም እንደ ንብ አበባውን ያዳቅሉታል። ይህን በሽቦ አጥር ውስጥ ያደገ ቀበሮ ከማን ይማራል?

በሰው እጅ ጨርሶ አልገባም ማለት ግን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀበሮ ተገኘ። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምና የፓርኩ ሰዎች በተራራው ላይ ባለች ጎጆ አስገብተው ከአንድ ወር በላይ አከሙት፤ ሲድን የመከታተያ ቀለበት አንገቱ ላይ አስረው ወደ ዱሩ መለሱት። ስሙን ተረፈ አሉት። እንዲህ ያለ ነገር በቀይ ቀበሮ ላይ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩን ለስካውቱ ስነግረው በፈገግታ አዳመጠኝ፤ «አወ፣ ሰምተናል» አለ። «እኛም ዘንድ ቢሆን እንሸከመው ነበር።» አመንኩት።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው የዓሣው ነገር ተገልብጦ የገባኝ። በባሕር ላይ የሚጠመደው ራሱ ዓሣው ነው፤ ስለዚህ ዓሣውን በቤት ያረባ ሰው ባሕሩን ያሳርፋል። ቀበሮውን ግን ለመሸጥ የሚያጠምደው የለም። ከተራራው የሚወሰደው ሌላ ነው፤ አስታው ለማገዶ፣ ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ሣሩ ለከብት፣ መሬቱ ለገብስ። በደቡብ ወሎ ደጋ ገብስ ከ3500 ሜትር በላይ ሁሉ ይዘራል፤ ማሳው በተጠጋ ቁጥር የአይጡ አገር ይጠባል፤ አይጡ ሲጎድል ቀበሮው ይከተላል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቹ ስለበዙና ታች ያለው መሬት ስለደከመ ነው። እንግዲያ በቤት መርባት ያለበት ቀበሮው አይደለም። ማገዶው ነው፣ መኖው ነው፣ ክዳኑ ነው።

ይህን ደግሞ አገራችን ከዚህ ቀደም ሠርታ አይታዋለች። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ አንድዳ ስትጨርስ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ሥራው ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በባሕር ዛፍ ላይ የሚነሳውን ወቀሳ አውቃለሁ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም፣ በእርሻ ዳር ሲሆን እህል ያቀጭጫል። እውነት ነው፤ ምንጭ ዳር የተከለውንም ሰው አልደግፍም። ነገር ግን ከፓርኩ በታች ባሉት መንደሮች ጓሮ ውስጥ ቀጥ ብሎ በቆመው እያንዳንዱ ባሕር ዛፍ ላይ ያልተቆረጠ አስታ አያለሁ።

ከነዚህ ጓሮዎች በአንዱ ቡና ጠጣን። የቤቱ እመቤት በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ላይ እንጀራቸውን ጋግረው ጨርሰዋል። ከቤታቸው ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከአጥሩ ጋር ትሪሉሰርን ተክለዋል፤ ቅጠሉን እያጨዱ ለበጎቻቸው ይሰጣሉ። ልጅ ሳሉ ማገዶ ከላይ ተሸክመው ሲወርዱ ጀርባቸው ይላጥ እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ዓሦቹ አወራኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና ያልጠበቅኩትን ጠየቁ፤

«ያረቧቸውን ዓሦች መልሰው ባሕር ይከቷቸዋል ወይ፣ ወንድምዓለም?»

«አይ እትዬ፤ አብዛኞቹ አይመለሱም። የሚሸጡት ለሰው ቤት ነው።»

«ባሕር ያለውስ?»

«ባሕር ያለው እንዳይነካ ነው።»

«እህ» አሉ ሲኒውን እያቀበሉኝ፤ «እንግዲያ እንደኔ ባሕር ዛፍ ነዋ።»

ማታ በማስታወሻዬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር አብልጬ እወደዋለሁ።

ጓሮ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ተራራውን የሚጠብቅ ደንብም ያስፈልጋል። ለዚህ ጎረቤት መምህር አለ። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ለዘመናት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ከፍቶ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በኋላ በአዲስ መልክ መልሶታል፤ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አሉ። በቦረናና በሳይንት ሽማግሌዎች ዘንድ ይህን የሚመስል ጨዋታ ስሰማ ደስ አለኝ። የትኛው ሸንተረር መቼ እንደሚከፈት የሚከራከሩ ሰዎች ሸንተረሩን ገና አልተዉትም።

የቀረው የውሻ ነገር ነው፤ ስካውቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳውም እሱን ነው። የደጋ እረኛ ያለ ውሻ አያድርም፤ ጅብና ነብር አለ። ከውሻው ግን እብደት ወደ ቀበሮው ይሻገራል። በባሌ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎችን በጅምላ ፈጅቷል። በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር የቦረና ቀበሮ አንድ እንዲህ ያለ ዓመት አይችልም። በቀበሮው አገር ዙሪያ ውሾች የሚከተቡት ለዚህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቀበሮው ለራሱ በፍየል ሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ ውሏል፤ ማጥመድ ሳያስፈልግ ሌሊት በመንገዱ ላይ ጣል ይደረግለታል።

«ውሻ ማስከተብ ቀላል ነው» አለኝ ስካውቱ፤ «ባለቤቱን በቀኑ ማግኘት ነው ከባዱ። ገበያ ቀን ከሆነ ሰው የለም፤ በዓል ከሆነ ሰው የለም፤ አጨዳ ከሆነ ውሻውም የለም።» በኅዳርና በታኅሣሥ የቀበሮ ግልገሎች ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ስካውቱ ክትባቱ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ይፈልጋል። ከእትዬ ቤት ወጥተን ወደ ቀጣዩ መንደር አመራን። በየደጃፉ እየቆመ «ቅዳሜ አይደለም፣ ሐሙስ ነው፤ ውሻውን በገመድ ይዘኸው ና» ይላል። ከኋላው ተከትዬ የውሾቹን ቁጥር በደብተሩ ላይ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ።